ባሌ በመዝገብ የሄደበት ሐሙስ

ባሌ ሁለት ጊዜ ሄዷል። አንዴ በእውነት፣ አንዴ በመዝገብ። በእውነት የሄደ ጊዜ ማንም አላየም። በመዝገብ የሄደ ጊዜ ግን የእድር አግዳሚ ወጥቶ፣ ንፍሮ ተቀቅሎ፣ የቀበሌ ሰው በተገኘበት ነው። ከሁለቱ የቱ ይበልጥ እንዳስለቀሰኝ ሰው ቢጠይቀኝ ሁለተኛው እለዋለሁ። እስካሁን የጠየቀኝ የለም።

የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ቃሊቲ ውስጥ የከባድ መኪና ሹፌር ሚስት መሆን አንድ ጥቅም አለው፤ ባልሽ የት ነው ስትባዪ «መስመር ላይ ነው» ካልሽ ጥያቄው እዚያው ያበቃል። መስመር ማለት አዋሽ ነው፣ ሚሌ ነው፣ ጅቡቲ ነው። ጎማ ይፈነዳል፣ ወደብ ላይ ወረፋ ይበዛል። ሰው ሁለት ሳምንትም ሁለት ወርም መስመር ላይ ሊቆይ ይችላል። የእኔ ባል ሁለት ዓመት ከአራት ወር ቆየ። አዳማ ላይ ሌላ ቤት እንዳለው የነገረኝ ረዳቱ የነበረ ሰው ነው። ነግሮኝ ሲያበቃ «እኔ ግን አልነገርኩሽም» አለኝ። እኔም አልሰማሁም አልኩትና ተስማማን።

ትቶልኝ የሄደው ብዙ አልነበረም። ልጃችን ነበረች፣ ያኔ ዓመት ከሁለት ወሯ። ክዳኑ የጠፋ ቴርሞስ ነበር። አንድ ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝም ነበር፣ ሆዱ ላይ አንድ ቁልፍ ስለጎደለው ገና ያልለበሰው። በመጀመሪያው እሁድ ሸሚዙን አጠብኩት። ሲመጣ ንጹሕ ልብስ ያግኝ ብዬ ነው፤ ያኔ ገና ይመጣል ብዬ አስብ ነበር። ግቢው መሃል በተወጠረው ሽቦ ላይ አስጥቼው ስመለስ የጎረቤት ክፍል የሚኖሩት ጋሼ በራቸው ላይ ቆመው «መጣ እንዴ ሰውዬሽ?» አሉኝ።

«መጥቶ ጠዋት ተመለሰ» አልኳቸው።

ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አንዴ ከወጣ በኋላ ግን ሸሚዙን በየሳምንቱ ማጠብ ግዴታ ሆነብኝ። አንድ እሁድ ዝናብ ጥሎ ሳላጥብ ብቀር «ሰውዬሽ ደህና ነው?» ተባልኩ። ስለዚህ በዝናብም አጠብኩ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ማንም ያልለበሰውን ሸሚዝ አጠብኩ። ልብስ ሳይለበስ በመታጠብ ብቻ ያልቃል ወይ ለሚለኝ ሰው መልስ አለኝ። ያልቃል። ቀለሙ መጀመሪያ የሚለቀው ከትከሻው ነው።

ለምን እንዲህ አደረግሽ የምትሉኝ ካላችሁ ኩራት ነው። ሌላ ምክንያትም መደርደር እችላለሁ። ወንድ የሌለበትን በር ሰካራም ያንኳኳል፤ ፋብሪካ ውስጥ የፈረቃ አለቃው አስተያየቱ ይለወጣል፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዋናው ግን ኩራት ነው። «ጥሏት ሄደ» የሚባለው ነገር ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲዞር በጆሮዬ ከምሰማ የሳሙና ወጪውን መረጥኩ።

ልጄ በዚህ መሃል አደገች። ሸሚዙን ሳሰጣ ጎረቤት እንዲሰማልኝ ጮክ ብዬ «የአባባ ሸሚዝ!» እላት ነበር። እሷም በትንሽ ጣቷ ወደ ሽቦው እየጠቆመች «አባባ» ትላለች። ጎበዝ ናት ብዬ ደስ ይለኝ ነበር። ምን እያስተማርኳት እንደሆነ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ግቢው የእማማ ነው። እማማ የምላቸው አከራዬን ነው። ቃሊቲ የጤፍ ማሳ በነበረበት ዘመን እዚያው ማሳ ላይ የተወለዱ፣ ስድስት ወንድ ልጆች ያሳደጉ፣ ስድስቱም ተበታትነው ለዓመት በዓል ብቻ የሚመጡላቸው ሴት ናቸው። ሲከፋቸውም ሲወዱኝም በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስገባ ልጄን የሚይዙልኝ እሳቸው ነበሩ። ዓይናቸው ግን እየከዳቸው ነበር። ሞራ ነው አሏቸው። መጀመሪያ ሽሮና በርበሬ ተምታታባቸው፣ ቀጥሎ ሰውና ሰው። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ልጄ በተከፈተው የግቢ በር ወጥታ ባለተሳቢዎቹ የሚግተለተሉበት አስፋልት ጫፍ ላይ ቆማ ተገኘች። ያገኛት በራችን ላይ ሱቅ ያለው ሰው ነው። የስልጤ ሰው ነው፤ እንኳን ሱቁን ሊተው ሚዛኑን እንኳ ለሰው የማይተው። የዚያን ቀን ሱቁን ወለል አድርጎ ትቶ ሮጦ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ አመጣት።

ከሥራ ስመለስ እማማ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። «ኢንተላ ኮ፣ ይሄ ዓይን ከእንግዲህ ልጅ አይጠብቅም» አሉኝ። ልጄ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች። ባለሱቁ በነጻ የሰጣት ነው፤ ነገሩ ምን ያህል እንዳስደነገጠው ያወቅኩት በዚያ ነው።

አሰላ ያለችው ታላቅ እህቴ ወሬውን እንደሰማች «ላኪልኝ» አለች። እህቴ ጥሩ ሰው ናት። ችግሩም እሱ ነው። ከዚያ በፊት የአክስታችንን የልጅ ልጅ ለስድስት ወር ብላ ወስዳ ልጅቷ አምስት ዓመት ቆየች። ወላጅ እናቷ ልትጠይቃት ስትሄድ ልጅቱ «እንግዳ መጣ!» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች። ይህን እህቴ ራሷ እየሳቀች ነው የምታወራው። እኔም አብሬ ስስቅ ኖሬያለሁ። በዚያ ሳምንት ግን ፋብሪካው ውስጥ ማሽኔ ፊት ቆሜ «እንግዳ መጣ» የሚለው ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ሥራዬን ብተው የምንበላው የለም፤ ልጄን ብልክ እንግዳ እሆናለሁ። ፈራሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ፈርቼ አላውቅም።

መላ ያመጣችው ከጎኔ ያለው ማሽን ላይ የምትሠራ ሴት ናት። በሰቃ ሰፈር በኩል አንድ የረድኤት ድርጅት የሕፃናት ማቆያ ከፍቷል፤ ጠዋት ተቀብሎ ምሳ አብልቶ ማታ ያስረክባል፣ አያስከፍልም። «ላንቺ ግን አይሆንም» አለችኝ አዝና። «ባል ለሌላቸው ብቻ ነው።»

ሸሚዙ ዝናው ፋብሪካ ድረስ ደርሶልኝ ነበር።

ማቆያው ሄድኩ። የቀረው አንድ ቦታ ነው አሉኝ። ልጁን ለብቻዋ እንደምታሳድግ የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ እስከ ወሩ መጨረሻ ካመጣሽ ያንቺ ነው፣ ካላመጣሽ ለቀጣይዋ ይሰጣል። በነጋታው ዓይኔን በጨው አጥቤ ቀበሌ ሄድኩ። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛው ወጣት ነው፤ ጃኬቱን ወንበሩ ላይ ሰቅሎ ከጃኬቱ ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚሠራው። ከኋላዬ መታወቂያ ሊያሳድስ የመጣ ሰው ሁሉ ተሰልፏል።

«ምን ነበር?» አለኝ።

«ባሌ ጥሎኝ ሄዷል» አልኩት በቀስታ። ቃሉን ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

«አልሰማሁሽም።»

«ባሌ ጥሎኝ ሄዷል።»

«ጮክ በይ እህቴ፣ አዳራሹ ውስጥ ድምፅ ማጉያ እየሞከሩ ነው።»

ጮክ አልኩ። በዚያችው ቅጽበት ድምፅ ማጉያው ዝም አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር፤ መታወቂያ አሳዳሾቹ ግን ጨዋ ሰዎች ስለነበሩ ሁሉም ባንድ ጊዜ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ወጣቱ ቅጽ ሞላ። ሦስት የጎረቤት ምስክሮች እኔ በሌለሁበት ይጠየቃሉ አለኝ። እሁድ ለጎረቤቶቼ ሁሉንም እነግራቸዋለሁ ብዬ አሰብኩ። እስከ እሁድ ራሴን አሳምናለሁ፣ ቃል እመርጣለሁ፣ ምናልባትም ራሳቸው ነገር ከፍተው ያቀሉልኛል። ወጣቱ ግን አርብ መጣ። እኔ ፋብሪካ ነበርኩ።

ሰኞ ስሄድ ፋይሉን ገለጠና እያነበበ ቆመ።

«አንደኛ ምስክር፣ የግቢው ባለቤት። ባሏ አለ፣ ጨዋ ነው፣ ኪራዩን በገዛ እጁ ነው የሚሰጠኝ ብለዋል። ሁለተኛ ምስክር፣ ጎረቤት፣ የእድር ጸሐፊ። ባለፈው እሁድ ሸሚዙ ተሰጥቶ በዓይኔ አይቻለሁ ብለዋል። ሦስተኛ ምስክር፣ ባለሱቅ።» እዚህ ላይ ቀና ብሎ አየኝ። «ባሏ ትናንት ጠዋት ሰላም ብሎኛል፣ እንዲያውም ስለ ልጆቼ ጤና ጠይቆኛል ብሏል።»

ባሌ አብረን በኖርንበት ጊዜ የማንንም ልጅ ጤና ጠይቆ አያውቅም፤ የራሱንም ጭምር። ከሄደ ወዲህ በሰፈሩ ሰው አፍ ውስጥ እየተሻሻለ ነበር። ትንሽ ጊዜ ቢሰጡት ጥሩ ባል ይወጣው ነበር።

«እንደገና ጠይቁልኝ» አልኩት።

«አዲስ ነገር ከሌለ ድጋሚ ማጣራት አይፈቀድም።»

«ምን ዓይነት አዲስ ነገር?»

«ለምሳሌ ሞት። ፍቺ። ጥሎ መሄድ።»

«ሄዷል እኮ ነው የምልህ!»

«በቀደም ሰላም ያለ ሰው?» አለኝ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። የተፈረመበትን ወረቀት ነው የሚያምነው፤ ሥራው ነው።

ንዴቴን ይዤ በቀጥታ ባለሱቁ ጋ ሄድኩ። ስኳር ይመዝናል።

«ምን ነካህ አንተ? ባሌ መቼ ነው ሰላም ያለህ?»

ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እህቴ፣ ወረቀት የያዘ ሰው መጥቶ ባሏ አለ ወይ ሲለኝ ምን ልበል? አንቺን አሳልፌ ልስጥ?»

«እንደሌለ ታውቅ ነበር?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ከእኔ ምላጭ ገዝተሽ አታውቂም» አለ። «ምን ዓይነት ሰው ነው ሁለት ዓመት ጢሙን የማይላጨው? መጀመሪያ ሃይማኖት የያዘ መስሎኝ ነበር።»

ግቢ ስገባ ጋሼ በራቸው ላይ ናቸው። እሳቸውም ያውቁ ነበር። በእኔና በእሳቸው ክፍል መሃል ያለው ግድግዳ ጭቃ ነው። «ልጄ፣ ወንድ ያለበት ቤት ሳል አለ» አሉኝ መሬት መሬት እያዩ። «ካንቺ ቤት ሳል ሰምቼ አላውቅም። አንቺ የማታወሪውን እኔ ምን ብዬ ላውራ?» እማማም ያውቁ ነበር፣ እንዴት እንዳወቁ ግን ያን ቀን አልነገሩኝም። ግቢው በሙሉ ያውቃል። እኔ እነሱ እንዳይሰሙ እዋሻለሁ፤ እነሱ እኔ እንዳላፍር የሰሙትን ይውጣሉ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ አንድ ግቢ ሰው በመተሳሰብ ብዛት አንድ ሌጣ ሸሚዝ ሲጠብቅ ኖሯል።

«በቃ ሄደን እውነቱን እንናገር» አልኩ፣ ማታ ሦስቱንም ግቢ ውስጥ ሰብስቤ።

እዚህ ላይ ችግር መጣ። ባለሱቁ ፈርሟል። ጋሼ ፈርመዋል፤ የእድር ጸሐፊ ውሸታም ከተባለ ደግሞ የእድሩ መዝገብ ሁሉ ውሸት ነው ሊባል ነው። እማማ በጣታቸው ፈርመዋል። «ቃሌን አጥፌ በስተርጅና ልዋረድ?» አሉ። እኔ ተናደድኩ። ልጄ ልትሄድብኝ ነው፣ እናንተ የፊርማችሁ ክብር ያስጨንቃችኋል አልኳቸው። እንዲያ ብዬ በትልልቅ ሰዎች ላይ ጮኼ አላውቅም። ማንም አልተቆጣኝም። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

«ሰውየው ምን አለሽ? አዲስ ነገር ከሌለ?»

«አዎ።»

«እንግዲያው አዲስ ነገር ይኑር። ሐሙስ ይሂድ።»

«ማን?»

«ባልሽ ነዋ። እስከ ረቡዕ ነበረ፤ የፈረምነው ልክ ነው። ሐሙስ ጥሎሽ ሄደ፤ ያንቺም ልክ ነው። ማንም አይዋረድም።»

ባለሱቁ አሰበና ሐሙስ ጥሩ ቀን ነው አለ፤ አርብ ጁምዓ ስላለበት አይመቸውም። እንዲህ ሆኖ የባሌ መሄጃ ቀን በድምፅ ብልጫ ተቆረጠ።

ሐሙስ የጠዋት ፈረቃዬን ለውጬ ቤት ዋልኩ። ጋሼ ሁለት የእድር አግዳሚ አስወጡ። ድንኳን ይውጣ ያለም ነበር፤ ጋሼ ግን ደንብ አወቅ ናቸው፣ ድንኳን ለሞት ብቻ ነው፣ አግዳሚ ግን ለሰርግም ስለሚወጣ ለዚህም ይወጣል አሉ። እማማ ንፍሮ ቀቀሉ። «ንፍሮ እኮ ለሞተ ነው» ቢሏቸው «ለእኔ ከሞተ ቆይቷል» አሉ። ከዚያ ሁሉም አግዳሚው ላይ ተደርድረው ዝም አሉ፤ እኔ ደግሞ መሃላቸው ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀመጥኩ። ጋሼ በማለዳ ቀበሌ ሄደው «ጥሏት ሄደ» ብለው አስታውቀዋል፤ ወጣቱ አራት ሰዓት ላይ ይመጣል ተብሏል። ሲመጣ ማልቀስ እንዳለብኝ ጋሼ አስጠንቅቀውኛል። እንባ ፈለግኩ፣ አልመጣ አለ። ባሌን አሰብኩ፤ የመጣልኝ ንዴት ብቻ ነው። ሰዓቴን አየሁ። ገና ሃያ ደቂቃ ይቀራል።

በዚህ መሃል እማማ በእጃቸው እየዳበሱ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና ጭንቅላቴን ደረታቸው ላይ አስጠጉት።

«አይዞሽ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። «ብቻሽን ቻልሽው። አይዞሽ።»

ባለሱቁ ከወዲያ ማዶ «አይዞሽ እህቴ» አለ። ጋሼም «አይዞሽ» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠችው ሴት፣ ጠርዝ ላይ ያለው ሽማግሌ፣ ሁሉም በየተራ አሉ። ማስመሰላቸው ነው ብዬ ጠበቅኩ። አልነበረም። ከሄደ ጀምሮ ማንም ሰው አይዞሽ ብሎኝ አያውቅም ነበር፤ ማለት የሚችሉበትን በር የዘጋሁት ራሴ ነኝ፣ በየሳምንቱ፣ በሳሙና። አለቀስኩ። ያለቀስኩትም ለቀበሌ ሰው የሚታይ፣ ወግ ያለው ለቅሶ አይደለም፤ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ ትንፋሽ እያጠረኝ፣ የእማማን ነጠላ እያበላሸሁ ነው። ወጣቱ ሃያ ደቂቃ ቀድሞ መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

አላስጨነቀኝም። ጋሼን ጠየቀ፤ ዛሬ ሌሊት ሊነጋ ሲል ልብሱን ይዞ ሄደ አሉ። ባለሱቁን ጠየቀ፤ ሲሄድ ሰላም እንኳ አላለኝም አለ፣ ቅር እንዳለው ሆኖ። ወጣቱ ጻፈ፣ አስፈረመ፣ እስክሪብቶውን ሊከድን ሲል ልጄ ንፍሮዋን በእፍኟ ይዛ ፊቱ መጥታ ቆመች። ልጅ የሚወድ ሰው ነበር መሰለኝ፣ ዝቅ አለላት።

«አባባ ሄደ?» አላት።

«አልሄደም» አለች። «አባባ የሚመጣው እሁድ ነው።»

እስክሪብቶው ቆመ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ወጣቱ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «እሁድ እሁድ ይመጣል?» አለ፤ የጠየቀው እኔን ነው። ፋይሉን አየሁት። ማቆያውን አሰብኩ። አሰላን፣ ጓዳውን፣ እንግዳ መጣን አሰብኩ። አንድ ሌላ ውሸት ብቻ ነበር የሚያስፈልገኝ፤ ልጅ ናት፣ ትቀባጥራለች ማለት እችል ነበር። ግን አልቻልኩም። ልጄ ፊት ለፊቴ ቆማ ጣቷን ባዶው ሽቦ ላይ ቀስራለች፤ አባት ማለት ያ እንደሆነ በእርግጠኝነት ታውቃለች። ያን ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

ተነስቼ ቤት ገባሁ። ሸሚዙን ከሳጥኑ አወጣሁና ፋይሉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«እሁድ የሚመጣው ይሄ ነው» አልኩት። «እኔ ነኝ የማሰጣው። ሰውየው ከሄደ ሁለት ዓመት ከአራት ወሩ ነው።»

ወጣቱ ሸሚዙን አየ። እኛን አየ። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ፋይሉን እየዳበሱ ሸሚዙን አገኙትና ኮሌታውን በሁለት ጣት ያዙት።

«ዝናብ ሲመጣ ልብሷን የማነሳላት እኔ ነኝ» አሉት። «የስድስት ወንድ ኮሌታ አጥቤያለሁ፤ አንገት የነካው ኮሌታ ጫፉ ይሳሳል። ይሄ ግን አንገት አያውቅም። ይኸው ዳብሰው። ዓይኔ ነው እንጂ ጣቴ አልታወረም።»

ወጣቱ ዳበሰው። ምን እንደሚፈልግ አላወቀም ግን ዳበሰው። ከዚያ ጸጉሩን እያከከ «እንግዲያው ሐሙስ የሄደው ማን ነው?» አለ።

ባለሱቁ ጫማውን እያየ «ያ ሰላም ያለኝ ሰውዬ ነዋ» አለ።

ወጣቱ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ተመልሶ ሲዞር ፊቱን አስተካክሎ ነበር፤ ሦስት ሰው በሐሰት ምስክርነት መክሰስ ሌላ ሦስት ቅጽ እንደሚፈልግ አስረዳን። ቅጹ ደግሞ አልቋል አለ። ስለዚህ የጻፈውን እንደጻፈው ተወው፣ ማኅተሙን አሳረፈ፣ ሸሚዙን አጣጥፎ መለሰልኝ፣ ንፍሮ ዘግኖ ሄደ። መዝገቡ ላይ ባሌ ዛሬም የሄደው በዚያ ሐሙስ ነው። ደብዳቤውን ማቆያው ሳደርስ ወሩ ሊያልቅ ሦስት ቀን ይቀረው ነበር።

እሁድ መጣ። ሸሚዙን አላጠብኩም፤ እማማ ወስደው የመወልወያ ጨርቅ አድርገውታል። ልጄ ትንሿን በርጩማ እየጎተተች አውጥታ ሽቦው ሥር ተቀመጠች። ጠዋቱን ሙሉ አንጋጣ ጠበቀች። ለምሳ ብጠራት አልነሳም አለች። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩና አባባ እንደሄደ፣ እንደማይመጣ፣ ሽቦው ላይ የነበረው ልብስ ብቻ እንደነበር ነገርኳት። አጠር አድርጌ ነው የነገርኳት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ለጎረቤቶቼ ብነግራቸው ኖሮም ከዚያ የረዘመ አልነበረም። አላለቀሰችም። እስኪመሽ ድረስ ግን አላናገረችኝም፣ እኔም ይገባኛል ብዬ ቻልኩት። የሦስት ዓመት ተኩል ሰው አኩርፎ እንደዚያ ዝም ሲል አይቼ አላውቅም። እኔን መምሰሏ ነው።

ማቆያው አረንጓዴ ዩኒፎርም ይሰጣል፣ ባለ ኮሌታ። የመጀመሪያ ሳምንቷን ጨርሳ በመጣው እሁድ ላጥበው ሳፋ ውስጥ ዘፈዘፍኩት። ውሃው ጠቆረ። ወጥ አለበት፣ ጭቃ አለበት፣ እርሳስ አለበት፤ ኮሌታው ዙሪያውን በላብ የጠቆረ መስመር አለው፤ ሁለት ጊዜ በሳሙና አሸሁት፣ ሙሉ በሙሉም አልለቀቀም። ሽቦው ላይ ያው ቦታ አሰጣሁት። ልጄ በርጩማዋ ላይ ሆና ከታች ወደ ላይ አየችው።

«ይሄ እኔ ነኝ» አለች።

«አንቺ ነሽ» አልኳት።

ከሰዓት ደመና ሲጥል እማማ እንደ ልማዳቸው ልብሱን ሊያነሱልኝ በሽቦው ላይ እጃቸውን እየሳቡ መጡ። ትንሿ ኮሌታ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ጫፏን በሁለት ጣታቸው መካከል አሹት፣ ደግመው አሹት።

«ይቺስ ሰው አላት» አሉ።